የድንች ማህተም

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ሬጅስትራር ፊት ተሰልፌ ነበር። ተራዬ ሲደርስ መዝጋቢዋ ቀና እንኳ ሳትል «ስም እስከ አያት» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ከስሜ በፊት ግን ሽታው መጣ። ጠረጴዛው ላይ ክዳኗ የተነሳ የማህተም ቀለም ነበረች፤ እንደ ቆየ የከረሜላ ወረቀት ጣፈጥ የሚል፣ ከሥሩ ደግሞ ናፍጣ ናፍጣ የሚል ሽታ። የራሷን ስም እንደማታውቅ ሰው ቀለሟን እያየሁ ቆምኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ልጅ በቦርሳው ገፋ ሲያደርገኝ ነው የነቃሁት።

ቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት የተማሩበት ትምህርት ቤት» የሚል ክፍት ቦታ ነበረ። አንድ ስም ብቻ ጻፍኩበት። እውነቱን ልሙላ ብል ግን ሌላም ነበረኝ፤ ኮልፌ ውስጥ፣ በአንድ በረንዳ ላይ፣ ለአንድ ክረምት ብቻ የተከፈተ ትምህርት ቤት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖርበት ግቢ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ አራት ቤት በአንድ አጥር የያዘ ነው። ክረምት ሲገባ የግቢው መሬት ጭቃ ስለሚሆን ከቤት ቤት የምንሻገረው በተደረደሩ ድንጋዮች ላይ እየዘለልን ነበር። ልጆች የምንሰበሰብበት ደረቅ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ በር አጠገብ ያለው የጋሽ ደምሴ በረንዳ።

ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ በየጠዋቱ ከረቫታቸውን አስረው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። የሁሉም ነገር ቦታ አላቸው፤ የምስማር ቆርቆሮ፣ የክር ቆርቆሮ፣ የቁልፍ ቆርቆሮ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተለጥፎበት። እማዬ መቀስ ስትዋስ እንኳ ፈርማ ነበር የምትወስደው። «ያልተጻፈ አልተደረገም» የሚል አባባል ነበራቸው፤ እኔ ይህን እውነት መስሎኝ የበላሁትን ምሳ ሁሉ ደብተሬ ላይ የጻፍኩበት ሳምንት አለ።

ትምህርት ቤቱን ያመጣው አቤል ነው። አቤል የጎረቤታችን ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ የማያውቀው ነገር አለ ብሎ የማያምን ልጅ ነበር። ፀጉር ሊስተካከል ሄዶ ፀጉር ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ የሚበሩና እሳት የሚተፉ ልጆች የሚማሩበትን ፊልም ግማሽ አይቶ መጣ። ግማሹ በቃው። በማግስቱ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ተአምር የሚሠሩ ልጆች ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ ርዕሰ መምህሩም እኔ ነኝ አለን። ሰላም ወዲያው ተቃወመች። ሰላም ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቦቿ ጴንጤ ናቸው፣ እሷ ደግሞ ውሸት የሚባል ነገር አይወጣላትም። ለጨዋታ ይህን ያህል አስቸጋሪ ሰው የለም። ተአምር የጌታ ብቻ ነው አለች። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ስሙ «ልዩ ችሎታ ያላቸው ልጆች ትምህርት ቤት» ሆነ። እኔ በሁለቱም ተስማምቼ ነበር። በሁሉም ነገር የምስማማ ልጅ ነበርኩ።

ጋሽ ደምሴ ጃንጥላ እየጠገኑ ሲሰሙን ቆዩና አቤልን፣ መቼ ነው የተመሠረተው ብለው ጠየቁት። ዛሬ አላቸው።

«ዛሬ ለተመሠረተ ትምህርት ቤት ልጁን ማን ይልካል?» አሉ። «ታሪክ የሌለው ትምህርት ቤት መጋዘን ነው።»

ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ጥቁር ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቅ መዝገብ ይዘው ወጡ። ገጾቹ ባዶ ነበሩ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እሳቸው እንዲናገሩ፣ እኔ እንድጽፍ ተወሰነ፤ ጽሕፈቴ ከሦስታችን የተሻለ ነበረ። በዚያው ዕለት አቤል ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ላይ ማህተም ቀረጸ። ፊደሎቹን ገልብጦ መቅረጽ እንዳለበት ስላላወቀ ሲታተም ጽሑፉ ሁሉ በመስተዋት የታየ ይመስል ነበር። እኔ አዘንኩለት። ጋሽ ደምሴ ግን አገላብጠው አዩትና፣ ይህን ማንም አስመስሎ ሊሠራው ስለማይችል ጥሩ ነው አሉ፤ ከቢሯቸው ያመጧትን የቀለም ቆርቆሮም ከፈቱልን። ሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሳብኩት ያን ቀን ነው።

የትምህርት ቤቱ ታሪክ እንዲህ ተጀመረ። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ድሮ ድሮ፣ ይላሉ፣ በዚህ ትምህርት ቤት ፀሐይን የምትቀድም ልጅ ነበረች። ቤቷ እጅግ ሩቅ ሆኖ ሳለ ዘበኛው በር ሳይከፍት ደርሳ ትቆም ነበር። ግድግዳ ዘልቆ የሚሰማ ልጅም ነበረ፤ ስላልተመዘገበ ውጭ በመስኮት ሥር ቆሞ እየሰማ፣ ውስጥ የተቀመጡት ያልገባቸውን እሱ ያውቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚያስታውሱት የራሳቸውን ተማሪዎች ነው። ያን ጊዜ ግን እንደዚያ አልገባኝም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያወራ ትልቅ ሰው ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም፤ ልጅቷ ፀሐይን ስትቀድም፣ ልጁም ግድግዳውን ሲዘልቅ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር።

ከሁሉም የበለጠው፣ ከድሮዎቹ ቁጥር የተሰጠው ብቸኛው፣ ቁጥር አንድ ነው። እንዲህ ብለው አጻፉኝ፦

«ቁጥር አንድ። በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መገኘት የሚችል ተማሪ። ሰኞ ወደ ቀኝ ያጋደለ ፊርማ ይፈርማል፤ ማክሰኞ ወደ ግራ። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ገበያ ውስጥም ታይቷል። አራት ዓመት እንዲህ ከኖረ በኋላ በድንች ማህተም ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሆኖ ተማረ። ማህተሙ ድንች ድንች ይሸት ነበር፤ መዝገብ ቤቱ ግን ጉንፋን ይዞት ስለነበር አላሸተተም።»

ምን ማለት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። መጠየቅ አለመታዘዝ ይመስለኝ ነበር። በልቤ ግን የድንቹን ነገር ያዝኩት።

ታሪኩ ሲያድግ የእኛም ምዝገባ ተጀመረ። ጋሽ ደምሴ ሕግ አወጡ። ያለ ሁለት ምስክር ችሎታ አይመዘገብም። ምስክር ማለት በዓይኑ ያየ ወይም በጆሮው የሰማ ነው። መዝጋቢ ራሱ አይመሰክርም። ችሎታው የተረጋገጠለት ማህደር ይከፈትለታል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማህተም ይመታለታል።

አቤል በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ሁለት ሆኖ ተመዘገበ። ግቢ ውስጥ ተቀምጦ በዋናው መንገድ የሚያልፈውን ሚኒባስ በድምፁ ብቻ፣ ረዳቱ አፉን ሳይከፍት፣ ይሄ ዘነበወርቅ ነው፣ ይሄ ዓለም ባንክ ነው ማለት ይችላል። ጋሽ ደምሴ ጃንጥላ ይዘው መንገድ ዳር ቆመው ወረቀት ላይ ምልክት እያደረጉ ፈተኑት። ሁለቴ ብቻ ሳተ፤ አንደኛው ተበላሽቶ የሚጎተት ስለነበረ አይቆጠርብኝም ብሎ ተከራከረና ረታ። ቁጥር ሦስቷ ሰላም ደግሞ የሚያለቅስ ሕፃን ስትታቀፍ ሕፃኑ ዝም ይላል። የግቢያችንን ሕፃን ሦስት ጊዜ ሰጥተናት ሦስቱንም ጊዜ ዝም አሰኘችው። አራተኛ ጊዜ ለመፈተን አቤል ሕፃኑን ሊያስለቅሰው ሲል የሕፃኑ እናት ፈተናውን ዘጋችው።

እኔ ምንም አልነበረኝም።

ያልሞከርኩት የለም። የማልታይ ለመሆን ላስቲክ ተከናንቤ በርሜል አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ሰላም ምስክር ስትባል «እግሯ ይታያል» አለች። ቢያንስ ትንሽ ብቻ ይታያል በዪ ብዬ ለመንኳት፤ አሰብ አደረገችና «ሁለቱም እግሯ ይታያል» አለች። ዝናብ የሚያቆምበትን ሰዓት አውቃለሁ አልኩ። የዚያን ቀን ዝናቡ እስከ ማታ አላቆመም። በመጨረሻ የቀረኝ ድንቹ ነበር። ከወጥ ቤት ድንች እየወሰድኩ ለሁለት ቆርጬ ግንባሬ ላይ እየለጠፍኩ፣ አንደኛዋ እኔ ውኃ ስትቀዳ ሌላዋ እኔ በረንዳው ላይ ስትቀመጥ እያሰብኩ እጠብቅ ነበር። እማዬ የጎደለባትን ድንች ስትፈልግ አንድ ቀን ግንባሬ ላይ አገኘችው። ራስሽን አሞሽ ነው ብላ ደንግጣ አስተኛችኝ። እውነቱን ከመናገር መታመም ይሻላል ብዬ ቀኑን ሙሉ ተኛሁ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የአቤል እናት፣ እትዬ ጥሩነሽ፣ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ቤት እንዳገኙና በጳጉሜን እንደሚገቡ ለግቢው ነገሩ። ሁሉም እንኳን ደስ አላችሁ አለ። እኔም አልኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አቤል ከሄደ ትምህርት ቤቱ አብሮት ይዘጋል፤ እኔ ደግሞ ታሪኩን ሁሉ በእጄ ጽፌ ስሜ የትም ቦታ የሌለ ልቀር ነው። ቤቱን እንደምታጸዳ ሠራተኛ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንጂ መዝገቡ ውስጥ አልነበርኩም።

የሚሄዱበት ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ይዘንብ ነበር። የተከራዩት አይሱዙ ጭቃውን ፈርቶ ከመንገዱ አፍ ላይ ቆመ፤ ጎረቤት ሁሉ ዕቃ ይሸከማል። ሰላም ከእናቷ ጋር ቸርች ሄዳለች። እኔ በረንዳው ላይ መዝገቡን ይዤ ተቀምጫለሁ። አቤል የተዋሱትን የጋሽ ደምሴን ወንበር ሊመልስ መጥቶ፣ ፈርሞ እያስረከበ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ።

ሁለት ሰዎች ገቡ። ጎልማሶች ናቸው፤ ፀጉራቸው ከጎኑ ሸብቷል። አንደኛው ብርቱካን በፌስታል ይዟል። ፊታቸው አንድ ነው። አፍንጫው፣ ጢሙ፣ ሲስቁ የሚታየው የጥርስ ክፍተት እንኳ አንድ። አቤል ወንበሩን እንደያዘ ቀረ።

ጋሽ ደምሴ ተነስተው አስቀመጧቸው። ብዙ ጊዜ ሰላምታ ሆነ፤ ጤና፣ ልጆች፣ ሥራ። እዚያው ኮልፌ የብረታ ብረት ወርክሾፕ እንዳላቸው፣ እናታቸው በቅርቡ እንዳረፈች ተናገሩ። አንደኛው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ እናታችን አደራ ብላን ነው የመጣነው» አለ። «ሐሰን የሚባል ተማሪ ነበረዎት።»

«አስታውሳለሁ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ግማሹ እኔ ነበርኩ። ስሜ ሁሴን ነው» አለ ባለ ባርኔጣው።

ሌላው ቀጠለ። ያለቻቸው አንድ ዩኒፎርምና አንድ ጫማ ስለነበረች አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን ወንድሙ፣ በአንድ ስም አራት ዓመት ተፈራርቀው ተማሩ። ሌላ ዩኒፎርም ሲገኝ ሁሴን በራሱ ስም መግባት ፈለገ፤ ከሌላ ትምህርት ቤት መዛወሩን የሚያሳይ መሸኛ ግን ከየት ይምጣ? መሸኛውን ራሳቸው ጻፉት። ማህተሙንም ከድንች ቀርጸው መቱት። ያንን ወረቀት የተቀበሏቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው። እናታቸው፣ ያን የዋህ ሰው አታለላችሁብኝ እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ትጸጸት ነበር።

«አውፍ ይበሉን» አለ ሁሴን። «ይቅር በሉን።»

ጋሽ ደምሴ ጣራውን አዩ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና፣ እንዲህም ነበር እንዴ፣ እኔ ምን አውቄ አሉ።

እዚህ ላይ ነው ስህተቴን የሠራሁት። ጋሽ ደምሴ የዚያን ሰሞን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነጽር የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። ረሱት ብዬ አዘንኩላቸው። ከእንግዳ ፊት እንዳያፍሩ ልረዳቸው ፈለግኩ።

«ጋሼ፣ አልረሱትም፤ ተጽፏል እኮ» አልኩ። መዝገቡን ገለጥኩና ማንበብ ጀመርኩ። «ቁጥር አንድ። በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መገኘት የሚችል ተማሪ…»

የማነበው በጥንቃቄ፣ ጣቴን እያስኬድኩ ነበር። ወደ ቀኝ ያጋደለውን ፊርማ አነበብኩ፣ ወደ ግራ ያጋደለውንም። ገበያ ውስጥ መታየቱን አነበብኩ። ድንቹ ጋ ስደርስ አንድ ሰው ጉሮሮውን እንደጠራረገ ሰማሁ፤ አላቆምኩም። «መዝገብ ቤቱ ግን ጉንፋን ይዞት ስለነበር አላሸተተም» ብዬ አራት ነጥቡ ላይ ስደርስ ቀና አልኩ።

ሁሴን ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጓል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ያለቅሳል ብዬ ስፈራ ሳቁ ፈነዳ፤ ወንድሙም ተከተለው። እየሳቁ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሐሰን ተነስቶ የጋሽ ደምሴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ እሳቸውም ትከሻውን ይዘው አነሱት።

«ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር?» አለ ሐሰን።

«ከመጀመሪያው ማክሰኞ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ቀልቷል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ማስቀየሜን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ብዬ የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው የደበቀውን ዘለል ማድረግ አታውቂም?»

አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነበር።

አዩኝ፣ አዩኝና፣ «ጻፊ» አሉ።

መጀመሪያ ቅጣት መስሎኝ ነበር። ብዕሩን ያዝኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቁጥር አራት፣ አሉ። የተጻፈውን አንድ ቃል ሳታጎድል፣ የማንንም ፊት ሳታይ ታነባለች። እየተጣደፍኩ ጻፍኩ፤ ያቺ መስመር እስከ መጨረሻው ከመዝገቡ ሁሉ መጥፎ ጽሕፈት ሆና ቀረች።

መንትዮቹ ምስክርነታቸውን ፈረሙ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ አጋድሎ። ቀለሙን ልከፍት ስል ጋሽ ደምሴ እጄን ያዙ። ምስክር አንድ ብቻ ነው አሉ። ሁለት ፈርመዋል ብል አልሰሙኝም፤ በዚህ መዝገብ ሁለቱም ቁጥር አንድ ናቸው፣ አንድ ቁጥር አንድ ምስክር ነው። ሐሰን ሊከራከር ሞከረ፤ ሁሴን ግን፣ ተወው ልክ ናቸው፣ እኛው ነን ያመጣነው አለው። እኔ አቤልን ፈለግኩ። ወንበሩ ብቻውን ቆሟል። ሳነብ ሰምቶ፣ አብሮ ስቆ፣ እናቱ ሲጠሩት ሮጧል። አይሱዙው ሞተር ማስነሳቱን ሰማሁ፤ ይህን ለማወቅ የአቤል ጆሮ አያስፈልግም።

መዝገቡንና ብዕሩን የብርቱካኑ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። ብርቱካኖቹ በረንዳው ላይ ሲንከባለሉ ከኋላዬ ይሰማኛል። ድንጋዮቹን አልዘለልኩም፤ በቀጥታ በጭቃው ውስጥ ነው የሄድኩት። አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ። አይሱዙው ትንሽ ተንቀሳቅሶ ጎማው ጭቃ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ሰዎች ከኋላ ይገፋሉ። አቤል ከላይ፣ በፍራሾቹ መካከል፣ ላስቲክ ለብሶ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል።

ፌስታሉን ወረወርኩለት። ፈርም አልኩት። እሱ ግን አቤል ነው፤ መጀመሪያ ምን እንደተጻፈ ልየው አለ፣ ላስቲኩ ሥር ገብቶ አነበበ። መኪናው አንዴ ወደ ፊት አለና ተመለሰ። «አቤል፣ እግርህን ሰብስብ!» አሉ እናቱ ከጋቢና።

«ፊት ሳታይ የሚለው እውነት ነው» አለኝ አቤል አንገቱን አውጥቶ። «የጋሽ ደምሴን ፊት ብታዪው ኖሮ አፍሽ ይታሰር ነበር።»

ፈረመ። ፌስታሉን ቋጥሮ ወረወረልኝና በደረቴ ተቀበልኩት። ጎማው ጭቃውን ለቆ መኪናው ሲወጣ የሚገፉት ሰዎች ሁሉ ተለወሱ። አቤል ዓለም ባንክ ቅርንጫፍ እከፍታለሁ፣ ታሪኩን ገልብጠሽ ላኪልኝ እያለ ይጮሃል። እሺ አልኩት። ሦስት ቀን ቀኝ እጄ እስኪያመኝ ገለበጥኩት፤ ድንቹንም ጉንፋኑንም፣ ምንም ሳልዘል።

ስመለስ በአንድ እግሬ ጫማ፣ በሌላው ጭቃ ነበርኩ። መንትዮቹ ብርቱካን እየላጡ ቦታ ለቀቁልኝ። ጋሽ ደምሴ ከረቫታቸውን አስተካክለው፣ አዲስ ማህደር ከፊታቸው ዘርግተው፣ የቀለሙን ክዳን አንስተው ይጠብቁኛል። የአቤልን ፊርማ በመነጽራቸው መረመሩ። ከዚያ ብዕራቸውን በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ራሳቸው ያዙና፣ ከተወለድኩበት ቀን ጀምሮ የሚያውቁኝ ሰውዬ፣ ቀና ሳይሉ፣

«ስም እስከ አያት» አሉኝ።

«ቤዛ ሙሉጌታ ወርቁ» አልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው እንዳልሰሙኝ ፈርቼ ደግሜ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብዬ አልኩት።